ማህሙድ አህመድ፦ ሸክላው ይበልጣል ወይስ መድረኩ?

ሸክላ ሰሚ፦

እስቲ ስለ ጋሽ ማህሙድ እናውራ። እሱን በሸክላና በካሴት ያወቀ ሰውና መድረክ ላይ ያየው ሰው ሲያወሩ ብዙም አይግባቡም። አንደኛው ስለ ድምፁ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ስለ ትከሻው፣ ስለ ነጭ ልብሱ፣ ታዳሚው እንዴት እንዳበደ ይነግራችኋል። የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው። በውስጣቸው የቀረው ግን ሌላ ሌላ ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። የማህሙድ ምርጥ ሸክላዎች ራሳቸው መድረክ ናቸው። ያኔ ሲቀዳ ዘፋኙና ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው አብረው ይጫወታሉ። እንደ ዛሬው ድራሙ ሰኞ፣ ቤዙ ማክሰኞ፣ ድምፁ በሳምንቱ የሚባል ነገር የለም። ባንዱ ክለብ ውስጥ ማታ ማታ ሲጫወተው የከረመውን ዘፈን ይዞ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራውን «ኧረ መላ መላ» ስሙት። ጆቫኒ ሪኮ ቤዙ ላይ ያንኑ ሐረግ ይዞ አይለቅም። ሰላም ስዩም በጊታሩ በመሃል ገባ ወጣ ይላል። የፈቃደ አምደመስቀል ሳክስፎን ለዘፋኙ መልስ ይሰጣል። ማህሙድ ደግሞ አይቸኩልም። እንዲህ ያለ መግባባት በአንድ ቀን ልምምድ አይመጣም። አብረው ብዙ ሌሊት ያነጉ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ የትኛው ዘፈኑ መድረክ ላይ ይበልጣል? ሸክላው ላይ ያለውን መድረክ የማይደርስበትስ የትኛው ነው? እኔ «ኧረ መላ መላ»ን ለሸክላው፣ «ትዝታ»ን ለመድረኩ ሰጥቻለሁ። እናንተስ?

ትከሻ ብቻ፦

መድረክ! ይሄማ ክርክርም አያስፈልገው። ማህሙድ እስክስታ ሲመታ ያላየ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። ድምፁን ሲያርገበግብ ትከሻውም አብሮ ይርገበገባል። ካሴት ላይ በመሃል የሚያወጣትን ያቺን አጭር ድምፅ ታውቋታላችሁ አይደል? ከደረቱ ድንገት የምትወጣዋን። ለብዙ ጊዜ ጌጥ ትመስለኝ ነበር። መድረክ ላይ ሲያደርገው ሳይ ነው የገባኝ። ትከሻው ወደ ኋላ ሲሄድ ትንፋሹ ይቋረጣል፤ ድምፅዋም እዚያ ላይ ነው የምትወጣው። ውዝዋዜውና ዘፈኑ አንድ ነገር ናቸው።

የፒያሳ ሰው፦

ልጆች፣ ጥሩ ወሬ ጀመራችሁ። ያንን ዘመን በወጣትነቴ አይቻለሁና የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ማህሙድ ከታች ነው የተነሳው። ልጅ እያለ ሊስትሮ ሠርቷል። በኋላ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ የተገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹት እዚያ ነው። አንድ ምሽት ጥላሁን ገሠሠ ሳይመጣ ቀረ። ማህሙድ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፣ ፈቀዱለት። ከዚያ ወዲያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆነ፤ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስም አብሯቸው ቆየ። ስለዚህ ሰውዬው ከሸክላ በፊት በመድረክ የተፈተነ ነው። የመጀመሪያ ሸክላው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያኔ መድረክ ላይ ስንት ዓመት ቆይቶ ነበር!

ሌላም ልጨምር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ ክለብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት መውጣት አይችልም። በሩ ይቆለፋል። ባንዱም ታዳሚውም እስኪነጋ እዚያው ነው። አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ የሚባለው ባንድ ደግሞ ሒልተን ይጫወቱ ነበር። እንደዚያ ባለ ሌሊት ዘፈን በደቂቃ አይለካም። ታዳሚው የሚሄድበት የለም፤ ዘፋኙም የሚሄድበት የለም። አንዱን ዘፈን ይዘውት ይቆያሉ። ሰዉ ይደንሳል፣ ይደክመዋል፣ ይቀመጣል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ ባንዱ ያንኑ እየተጫወተ ነው። ሸክላ ሰሚ፣ ማህሙድ አይቸኩልም ያልከው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ቤዝ ወዳድ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ዓይነት ነገር የትም አናገኘውም።

እኔ ቤዝ ስለምጫወት የሚታየኝን ልጨምር። ትንሿ ሸክላ፣ ባለ 45ቷ፣ በአንድ ገጿ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አታልፍም። ጋሼ የነገሩን ያ የሌሊት ዘፈን እዚያች ላይ አይገባም። ወይ ይቆረጣል ወይ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ገጽ ይቀመጣል። ትልቁ ሸክላ ሲመጣ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል ቦታ ተገኘ። ካሴት ሲመጣ ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ። የዘፈኖቹ ርዝመት እንዴት እንደተለወጠ ዝም ብላችሁ ተከታተሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዕቃው ነው።

ችክችካውን በተመለከተም አንድ ነገር አለ። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ በአንድ ዙር ስድስት ትናንሽ ምት አለው ማለት ነው። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትቆጥሩትም ይሄዳል፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትቆጥሩትም ይሄዳል። ጎበዝ ቤዝ ተጫዋች ሁለቱንም ክፍት ይተዋል። ማህሙድ አንዴ በሦስቱ ላይ ይዘፍናል፣ አንዴ በሁለቱ ላይ ይንሳፈፋል። ቤዙ ዝም ካላለለት ይህን ማድረግ አይችልም። ጆቫኒ ሪኮን የምወደው በሚተወው ቦታ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ምት ስትጠብቁት አይመታውም። ያቺን ክፍተት ማህሙድ ይገባባታል።

መድረክ ላይ ፍጥነቱ ስለሚጨምር እነዚህ ክፍተቶች ይጠባሉ። ሰዉ ሲጨፍር ድራመሩ ሳያስበው ይፈጥናል። «ኧረ መላ መላ»ን ለሸክላው መስጠትህ ልክ ነው የምለው ለዚህ ነው። ያ ዘፈን ቀስ ካላለ መንፈሱ ይሄዳል።

አዲስ ጆሮ፦

ታላላቆቼ፣ እኔ ማህሙድን በደንብ መስማት የጀመርኩት በቅርብ ነው። ቤታችን ውስጥ ዘፈኖቹ ነበሩ፤ የትኛው ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ግን አላውቅም። የሆነ ቅደም ተከተል ብትነግሩኝ? የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ብዙ ናቸው፣ ከየቱ ልጀምር?

ሸክላ ሰሚ፦

አዲስ ጆሮ፣ እንኳን መጣሽ። ከኢትዮፒክስ ውስጥ አራቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ናቸው፦ 6ኛው፣ 7ኛው፣ 19ኛውና 26ኛው። ግን በቁጥራቸው አትስሚያቸው። በተቀዱበት ዘመን ስሚያቸው።

መጀመሪያ 26ኛውን ያዢ። ከ1972 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር የሠራው ነው። እዚያ የምትሰሚው ትልቅ ባንድ ነው። የትንፋሽ መሣሪያው ብዙ ነው፣ ሥነ ሥርዓት አለው፣ ወታደር ቤት ያደገ መሆኑ ያስታውቃል። ማህሙድም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚዘፍነው። ቀጥሎ 6ኛው፣ የ1973ቱ «አልማዝ»። ከዚያ 19ኛው፣ የ1974ቱ «ዓለምዬ»። መጨረሻ ላይ 7ኛው፣ የ1975ቱ «ኧረ መላ መላ»። እንዲህ ስትሄጂ ባንዱ እያነሰ፣ ቤዝና ጊታሩ እየጎላ፣ የማህሙድ ድምፅ ወደ ጆሮሽ እየቀረበ ይመጣል። ይህ ሁሉ ለውጥ ጥቂት ዓመት ውስጥ ነው የሆነው። ያውም አገሪቱ ከንጉሥ ወደ ደርግ ስትሸጋገር።

«ኧረ መላ መላ»ን ያሳተመው ካይፋ ሪከርድስ ነው፣ የዓሊ ታንጎ ቤት። በ1986 እ.ኤ.አ. ክራምድ የሚባል የቤልጅየም አሳታሚ አውሮፓ ውስጥ አወጣው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኋላ ላይ ኢትዮፒክስን፣ የድሮ ሙዚቃችንን በሲዲ መልሶ የሚያወጣውን ተከታታይ፣ እንዲጀምር ካደረጉት ነገሮች አንዱ የማህሙድ ሸክላ ነው። ስለዚህ የዓለም ጆሮ ወደኛ ሙዚቃ የገባው በዚህ በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሴት ትውልድ፦

ሁሌም እዚህ ላይ ትቆማላችሁ! 1975፣ ሸክላ፣ አይቤክስ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ዘፈን ያቆመ ይመስል።

እኔ ያደግሁት በሮሃ ባንድ ካሴቶች ነው። ሮሃ ማለት እኮ የአይቤክስ ሰዎች ናቸው፤ ጆቫኒና ሰላም እዚያም አሉ። አዎ፣ የትንፋሽ መሣሪያው ቀነሰ። አዎ፣ ኪቦርድ ገባ። የውጭ ሰብሳቢዎች ኪቦርድ ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ። እኛ ግን ሠርግ የጨፈርነው፣ በአውቶቡስ የሄድነው፣ በፍቅር ያለቀስነው በነዚያ ካሴቶች ነው። የማህሙድ ድምፅም በዚያ ዘመን ነው የበሰለው። በ1973 እ.ኤ.አ. ጉልበት ነበረው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን መቼ ድምፁን መቀነስ እንዳለበት አወቀ። አንድ ስንኝ በሹክሹክታ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይከፍተዋል። በሸክላው ዘመን እንዲህ ሲያደርግ ብዙ አልሰማም።

ደግሞም ካሴት ሁሉም ቤት ገባ። ሸክላ ማጫወቻ የነበረው ስንቱ ቤት ነው? ገጠር ድረስ ያደረሰው ካሴት ነው። አዲስ ጆሮ፣ ኢትዮፒክስ ላይ ብቻ አትቁሚ እህቴ።

የፒያሳ ሰው፦

ካሴት ትውልድ፣ ልክ ብለሃል። በዚያን ጊዜ ማህሙድ ራሱ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረው። መድረክ ላይ የምናየው ሰው የካሴት ነጋዴም ነበር።

የፖቶማክ ልጅ፦

ከአሜሪካ በኩል አንድ ነገር ልበል። ማህሙድ እ.ኤ.አ. በ1980 እና 1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር እዚህ ዞሮ ተጫውቷል። ጌታቸው ካሳም አብሮ ነበር። ዘመናዊው ሙዚቃችን ባንዱን ይዞ አሜሪካ ከመጣባቸው የመጀመሪያ ጊዜዎች አንዱ ነው። ከባንዱ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ፣ ኃይሉ መርጊያ አንዱ ነው። ማህሙድ ግን ተመለሰ። ከዚያ በኋላም እየመጣ ሲዘፍንልን ኖሯል።

እዚህ የሚያሳየው ማህሙድ ሌላ ነው። ታዳሚው አገሩን ካየ ዓመታት ያለፈው ሰው ነው። ማህሙድ ይህን ያውቃል። ፈጣን ዘፈን ላይ ሰዉን ያስጨፍራል፣ ከዚያ ድንገት ያረጋጋውና አንድ የቆየ ዜማ ያነሳል። አዳራሹ ውስጥ ያለው እናት አባት ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል። ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት ሰልፍ አያልቅም። እሱ እያንዳንዱን ሰው ፊት ለፊት እያየ ይዘፍንለታል። አንድም ሰው ችላ ሲል አላየሁትም።

አሁን የሚያከራክር ነገር ላንሳ። ከውጭ ባንዶች ጋር የሠራው ሥራስ? የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ አለ። የፈረንሳዩ ባዱምስ ባንድ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. ለንደን ባርቢካን አዳራሽ ከዓለማየሁ እሸቴ፣ ከሙላቱ አስታጥቄና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር አንድ መድረክ ላይ ሲቀርብ ያጀባቸው ኢዘር ኦርኬስትራ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። በክብር ዘበኛ ጊዜ የነበረውን ሙሉ የትንፋሽ ድምፅ የመለሱለት እነሱ ናቸው። አገር ቤት ያን ያህል ሰው ሰብስቦ ደመወዝ የሚከፍል በጠፋበት ጊዜ።

ባለማሲንቆ፦

የፖቶማክ ልጅ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የውጭዎቹ ባንዶች ኖታውን በደንብ ይጫወታሉ። ያጠኑት ከሸክላው ነውና ሸክላውን ነው የሚደግሙት። ማህሙድ አንድ ስንኝ ጨምሮ መቆየት ቢፈልግ እነሱ ወደ ቀጣዩ ክፍል አልፈዋል። ግጥሙ ስለማይገባቸው ቃሉ የቱ ጋ እንደሚከብድ አይሰሙም። የኛ ሰው ያጀበው እንደሆነ ግን ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት ሊቆይ እንደሆነ ያውቃል።

ቤዝ ወዳድ፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ባለማሲንቆ ትንሽ ጨከንክባቸው። ባዱምስ ባንድ ለዓመታት ከሱና ከሌሎች ዘፋኞቻችን ጋር ተጫውቷል። አብሮ በመቆየት ጆሮ ይለመዳል። ደግሞ የትንፋሽ ክፍሉ በሰባትና በስምንት ሰው ሲነፋ ማህሙድ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ተመልከቱ። ወጣትነቱ የተመለሰ ይመስላል። ዘፋኝ ደስ ሲለው የተለየ ይዘፍናል። በ2007 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ሬዲዮ 3ን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ ሲያሸንፍም በነዚህ መድረኮች የውጭ ሰው በዓይኑ አይቶት ነበር። በሸክላ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም።

ባለክራሯ፦

ሸክላ ሰሚ «ትዝታ»ን ለመድረኩ ሰጥቶ ዝም ብሎ አለፈ። እኔ እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ማህሙድን የምወደው በዚህ ዘፈን ነው።

ትዝታ የአንድ ሰው ዘፈን አይደለም። ካሳ ተሰማ በክራር ተጫውቶታል። በዛወርቅ አስፋው የራሷ ትዝታ አላት። ጌታቸው ካሳ ቀስ ያለውንም ፈጣኑንም ሠርቷል። አስቴርም ዘፍናዋለች። ዜማው አብዛኛው የጋራ ነው። እያንዳንዱ ዘፋኝ የሚጨምረው ቅላፄውንና የሚመርጣቸውን ስንኞች ነው። ስንኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ። የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ እንደሚመጣ የሚያዝ ሕግ የለም። ስለዚህ ትዝታ ሲቀዳ አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ለዘላለም ይቀራል። መድረክ ላይ ግን ዘፋኙ ታዳሚውን አይቶ ይመርጣል። ፊት ለፊቱ ያዘነች ሴት ካየ ስንኙን ለሷ ያመጣላታል። አዳራሹ ሞቅ ካለ ወደ ፍቅሩ ያጋድላል።

የማህሙድ ትዝታ ከሌላው በምን ይለያል? በእኔ ጆሮ የሚለየው የስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። በዛወርቅ ስንኟን በጥንቃቄ ታስቀምጠዋለች። ዝምታ ትተዋለች። ማህሙድ ግን የመጨረሻዋን ድምፅ ይይዛታል። ያረግባታል፣ መልሶ ያነሳታል፣ በአምስቱ የቅኝቱ ድምፆች መካከል ሽቅብ ቁልቁል ይመላለስባታል። ባንዱ በአንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ታዳሚው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። አበቃ ሲሉት አንድ ጊዜ ደግሞ ይመለሳል። ያኔ ነው አዳራሹ በእልልታ የሚናጋው። እኔ ክራር ስጫወት ይህንን በጣቴ ላደርገው እሞክራለሁ። የክራር ድምፅ ቶሎ ይጠፋል፤ ሰው ጉሮሮ ግን ትንፋሽ እስካለው ይቆያል። ማህሙድ ደግሞ ትንፋሹ የጉድ ነው።

በሸክላ የተቀዳው ትዝታውም ረጅም ነው፣ አውቃለሁ፣ ደስም ይላል። ግን እዚያ ውስጥ የሚጠብቀው ባንድ ነው እንጂ ሰው የለም። ትዝታ ሰው ይፈልጋል።

ትከሻ ብቻ፦

ባለክራሯ፣ አፌን አስያዝሽኝ። እስክስታው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ግን አሁን ሳስበው ትዝታ ሲዘፍን ቆሞ ነው። ትከሻው አይንቀሳቀስም፣ እጁ ብቻ ነው ቀስ ብሎ የሚነሳው። ያን ያህል የሚወዛወዝ ሰው ሲቆም ራሱ ሌላ ክብደት አለው።

ሸክላ ሰሚ፦

ባለክራሯ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ልለው የፈለግሁትን አልሽልኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። በዛወርቅ የምትተዋት ዝምታስ በሸክላና በካሴት ይበልጥ አትሰማም? ብቻህን ሆነህ ስትሰማት። ለሷ ካሴት ነው የሚሻላት እላለሁ። ለማህሙድ መድረክ።

ባለክራሯ፦

እስማማለሁ። የሷን ብቻዬን፣ የሱን ከሰው ጋር።

የሠርግ ቤት ልጅ፦

«ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ማንም አላነሳውም! የሠርግ ዜማ ነው፣ ማህሙድ ከመዝፈኑ በፊትም የሁሉም ነበር፣ ከሱ በኋላም የሁሉም ነው። እሱ ሲዘፍነው ግን የሚያደርገው ነገር ይገርመኛል። ሠርግ ቤት ሴቶቹ እየተቀባበሉ እያጨበጨቡ ይሉታል። ማህሙድ ብቻውን ሆኖ ሁሉንም ይሆናል። አውራጁም ተቀባዩም እሱ ነው። ባንዱ ከሥር ሲገባ ዘፈኑ ይረጋና ከጨዋታ ይልቅ ናፍቆት ይሆናል። ሙሽራዋ የምትሄድበትን ቀን የሚያስብ ወንድም የሚዘፍን ይመስለኛል።

መድረክ ላይ ሲመጣ ደግሞ ታዳሚው ተቀባይ ይሆንና ዘፈኑ ወደ ሠርግ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ለኔ ሁለት ዘፈን ነው። አንዱን ከሌላው አላበላልጥም።

ሸክላ ሰሚ፦

ይህ ጥሩ መልስ ነው። ማበላለጥ የማይቻልባቸውም አሉ ማለት ነው።

ሚሌኒየም ነበርኩ፦

ጥር 2017 ዓ.ም. ሚሌኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ኮንሰርቱ ላይ ነበርኩ። 83 ዓመቱ ነበር። ስለ ድምፁ ሰው ብዙ ሊል ይችላል። እኔ በቅንነት የሰማሁትን ልንገራችሁ። ከፍ ያሉት ቦታዎች ላይ እንደ ድሮው አይወጣም፣ አይጠበቅበትምም። መርገብገቡ ግን አለ። ያቺ ስንኝ መጨረሻ ላይ ባለክራሯ ያነሳቻት ነገር አለች። ቀድሞ በጉልበት የሚያደርገውን በብልሃት ያደርገዋል። ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ቀይሮታል። ዘፋኝ የሆናችሁ ሰዎች ብትኖሩ ይህን ልብ ብላችሁ አጥኑት። ሰው በዚያ ዕድሜ ድምፁን ሳያስጨንቅ እንዴት እንደሚዘፍን ትምህርት ቤት ነው።

አያቶች ነበሩ፣ ገና ሃያ ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ። ልጆቹ ግጥሙን ከአያቶቹ እኩል ያውቁታል። ከየት እንደተማሩት አላውቅም። ግን ዘፈኖቹ ተላልፈዋል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ደስ ብሎኛል።

የፒያሳ ሰው፦

እኔ እዚያ መድረስ አልቻልኩም፣ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። አሪዞና ክለብ ልዝፈን ብሎ የጠየቀው ልጅ ስድሳ ዓመት ሙሉ ዘፍኖ በራሱ ፈቃድ፣ በክብር፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲሰናበት ማየት ትልቅ ነገር ነው። ከሱ ጋር የጀመሩት ብዙዎቹ ይህን አላገኙም።

ካሴት ትውልድ፦

ጋሼ፣ እውነት ነው። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። የመድረኩ ማህሙድ እንዲህ ይበልጣል እያልን፣ በደንብ የተቀዳ የመድረክ አልበሙ ስንት ነው? የአገር ቤቱን ምሽቶች በሥርዓት የቀዳቸው ማነው? በ1970ዎቹና 80ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት ምሽቶች አብዛኞቹ ያለፉት ሳይቀዱ ነው። የቀረው ሰው በትንሽ ቴፕ ከአዳራሽ ውስጥ የቀዳው ነው። የሚንሾካሾክ ሰው፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚሰማ ባንድ። እነዚያ ካሴቶች አሁን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ እየተበላሹ ነው። ማግኔቱ ይረግፋል፣ ክሩ ይጣበቃል። ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አሁኑኑ ወደ ኮምፒውተር አስገቧቸው።

አዲስ ጆሮ፦

አያቴ ቤት እንደዚህ ያለ ካሴት አለ! ላዩ ላይ «ማህሙድ፣ ሆቴል» ብቻ ተጽፎበታል። ምን ላድርገው? እንዳላበላሸው ፈራሁ።

ቤዝ ወዳድ፦

አትፍሪ፣ ቀስ ብለሽ ሥሪው። መጀመሪያ ቴፑን አዘጋጂ። ክሩ የሚነካውን የቴፑን ጭንቅላትና ጎማውን ንጹሕ ጥጥ በአልኮል አርጥበሽ ጥረጊ፣ እስኪደርቅ ጠብቂ። ካሴቱን ከማጫወትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አሽከርክሪው፣ ከዚያ መልሰሽ አሽከርክሪው። ለዓመታት ተጣብቆ የተቀመጠ ክር እንዲላቀቅ ነው። ሲንቋረር ወይም ሲይዝ ከሰማሽ ወዲያው አቁሚ፣ በግድ አትጎትቺው። ምናልባት ክሩ ደህና ሆኖ ችግሩ የፕላስቲክ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ቤቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ክሩን አውጥቶ ሌላ ደህና ካሴት ቤት ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

ወደ ኮምፒውተር ስታስገቢ ድምፁን አታሳንሺው፣ ሳይጨመቅ በሙሉ ጥራቱ አስቀምጪው። ጫጫታውን ለማጥፋት አትቸኩይ። ጫጫታውን የሚያጠፋው ፕሮግራም የሳክስፎኑን ትንፋሽም አብሮ ይወስደዋል። የታዳሚውንም ድምፅ አትቁረጪ፣ እሱም የዘፈኑ አካል ነው። ዋናውን ካሴትም አትጣዪ፤ ፀሐይና ሙቀት የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው።

የፒያሳ ሰው፦

ልጄ፣ ስትጨርሺ ትንሽ ቆርጠሽ አሰሚን። ድራሙንና ኦርጋኑን ሰምቼ የየትኛው ባንድ እንደሆነ፣ ምናልባትም ሆቴሉን ልነግርሽ እችላለሁ። አያትሽንም ጠይቂያቸው። የቀዱት እሳቸው ከሆኑ ማን አብሯቸው እንደነበር፣ ምን ዓይነት ቀን እንደነበር ይናገሩ፤ አንቺም የሚሉትን ጽፈሽ ከካሴቱ ጋር አስቀምጪው።

አዲስ ጆሮ፦

እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ አያቴ ጋ እሄዳለሁ። ቴፑን ከጎረቤት እለምናለሁ። የቻልኩትን ያህል አስገብቼ አመጣላችኋለሁ።

ካሴት ትውልድ፦

የካሴቱን ሁለቱንም ገጽ አስገቢ። «ሌላ ነገር ነው» ቢሉሽም አስገቢው።